ሦስት አፈወርቆች፣ አንድ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ እውነት ከሆነ፣ መልአኩ አንዱን ስም ለብዙ ሰው ሲያድል ምን እያሰበ እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ የተጠራሁበት አንድ የክርስትና ድግስ ነው። የሕፃኑ አያት ከአገር ቤት ስልክ ደውለው «አፈወርቅ በሉት» ብለው ነበርና ወላጆቹም ቃላቸውን አክብረው ስሙን አወጡለት። ምሳው ተበልቶ ጨዋታው ሲደምቅ በስሙ ላይ ክርክር ተነሳ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው «ደግ አደረጋችሁ፤ ኦጋዴን ላይ የወደቀው የጀግናው ስም ነው» አሉ። ከጎናቸው የነበሩት የቀድሞ መምህር ደግሞ «የጦቢያ ደራሲም ስም ነው» ሲሉ አከሉ። አንዲት እህት «እኔ እኮ ለሠዓሊው ብላችሁ መስሎኝ ነበር» አለች። ይኸኔ ከጥግ በኩል አንድ ድምፅ «ታዲያ ለልጅ የባንዳ ስም ይወጣል እንዴ?» አለና ቤቱ ጸጥ አለ። ወጣቱ አባት ልጁን እንዳቀፈ ወደ እኔ ዞሮ በዝግታ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ባንዳው የትኛው ነው?»

በዚያ ግርግር መሐል የሰጠሁት መልስ ለራሴም አልጣመኝም። ከተማርን ነን ባዮች መካከል እንኳ ሦስቱን ሰዎች አቀላቅለን የአንዱን ክብር ለሌላው፣ የአንዱን ነውር ለሌላው ስንሰጥ አይቼ አፈርኩ። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ከስሙ እንነሳ። አፈወርቅ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ስም ነው። በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነውን ቅዱስ ዮሐንስን ግሪኮች በስብከቱ ማማር «ክሪሶስቶሞስ» አሉት፤ የወርቅ አፍ ማለት ነው። የእኛ ሊቃውንት «አፈ ወርቅ» ብለው በግእዝ መለሱት፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴያት አንዱም በስሙ ይጠራል። ልብ በሉ፤ የዚህ ሰው አፍ የጣፈጠ ብቻ አልነበረም። የባለጸጎችንና የቤተ መንግሥቱን ቅምጥልነት በዚያው በንጉሡ ከተማ፣ ባለቤቶቹ በሚሰሙበት ዐውደ ምሕረት ይነቅፍ ነበር። ከንግሥት አውዶክስያ ጋር ተጣላ፤ በ404 ተጋዘ፤ በ407 ከአንዱ ግዞት ወደ ሌላው ሲወሰድ በመንገድ ላይ ሞተ። እንግዲህ ስሙ ከመነሻው የስደተኛ ስም ነው። ወርቅነቱም የተፈተነው ዋጋ ሲያስከፍል ነው።

ወደ መጀመሪያው አፈወርቅ እንለፍ። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ተወለዱ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሥዕል እንዲማሩ ወደ ኢጣልያ ተልከው በቶሪኖ የሥዕል አካዳሚ ተማሩ። ተመልሰው ቤተ ክርስቲያን ሣሉ፤ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ግን አልተስማሙም። በ1894 ከሌሎች ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። የዓድዋ ጦርነት በተቃረበበት ሰሞን ከዚያ ወጥተው ወደ ኢጣልያኖቹ ወገን ተሻገሩ። ከ1902 ጀምሮ በኔፕልስ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ። የአማርኛ ሰዋስው ጻፉ። በ1908 በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል የምናውቀው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ «ልብ ወለድ» እያልን የምንጠራው የጽሑፍ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከዚሁ መጽሐፍ አርእስት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የተጻፈው አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ወይም አንኮበር ሳይሆን ባሕር ማዶ ነው። የጻፈውም ከአገሩ ርቆ፣ የባዕድ መንግሥት ደመወዝ እየበላ የሚኖር ሰው ነው። እኛ በውጭ አገር ተቀምጠን በአማርኛ የምንጽፍ ሁሉ፣ ወደድንም ጠላንም፣ የዚህ ሰው የሙያ ልጆች ነን። ስለዚህ የእሳቸው ጉዳይ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም።

የመጽሐፉን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጦቢያና ዋሕድ መንትዮች ናቸው። አባታቸው በጦርነት ይማረካል፤ ማስለቀቂያ የሚሆን ገንዘብ የለም። ዋሕድ የአባቱን ቤዛ ሊያገኝ ይወጣና አንድ ደግ ነጋዴ ያገኘዋል፤ ነጋዴው ገንዘቡን ይሰጠዋል፤ ምላሽም አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ ዋሕድ ያን ባለውለታ ፈልጎ ለማመስገን እንደገና ከቤቱ ይወጣል። በመንገድ ላይ ይያዝና ባርያ ይሆናል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች፤ ታሪኩም በውበቷና በደግነቷ ምክንያት በዕርቅ፣ በሠርግና በጥምቀት ያበቃል።

ይህ መጽሐፍ ሲተች ብዙ ጊዜ የሚነሳው የቋንቋው ማማር ነው። እውነት ነው፤ አማርኛው ይፈሳል። ገጸ ባሕርያቱ ወይ ፍጹም ደግ ወይ ፍጹም ክፉ ናቸው የሚለው ወቀሳም ተገቢ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ዋሕድ ወደ ባርነት የወደቀበት ምክንያት ነው። ስግብግብነት አይደለም፤ ፈሪነትም አይደለም። ውለታ ነው። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ላለመባል፣ የተደረገለትን ደግነት ሊመልስ የወጣ ወጣት አንገቱን ለሰንሰለት ሰጠ። ደራሲው ይህን ሲጽፉ ስለራሳቸው እየጻፉ ነበር አልልም፤ የሰው ልብ ውስጥ ገብቼ ማየት አልችልም። ይሁን እንጂ የኋላ ሕይወታቸውን ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ሳይደነግጡ ማንበብ ይከብዳል። በልብ ወለዱ ዋሕድ በመጨረሻ ነጻ ይወጣል። ደራሲው ግን አልወጡም።

በዚያው በ1908 አንድ ሌላ መጽሐፍ አሳተሙ። ወደ ሐበሻ አገር ለሚጓዝ የውጭ አገር ሰው በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ የመንገደኛ መምሪያ ነው። በንግግር መለማመጃ መልክ ያስገቧቸው ምልልሶች የመኳንንቱን ግፍና ወታደሩ በገበሬው ላይ የሚያደርሰውን ዝርፊያ ያጋልጣሉ። የጻፉት እውነት ነው። ባላገሩ በተሠሪ ወታደር ስንት ፍዳ እንዳየ እናውቃለን። ግን እውነቱ ለማን ተነገረ? ለገበሬው አይደለም፤ ለንጉሡም አይደለም። ሻንጣውን ይዞ በጂቡቲ በኩል ለሚገባ ፈረንጅ ነው።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1909፣ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የጻፉት የታሪክ መጽሐፍ እዚያው ሮም ታተመ። በዚህኛው ደግሞ ምኒልክ ይወደሳሉ፤ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ ይነቀፋሉ። ሁለቱን መጽሐፎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነገሩን ይረዳዋል፤ ለባዕድ ወቀሳ፣ ለቤተ መንግሥት ውዳሴ። የቁስጥንጥንያው አፈወርቅ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለተኛው መጽሐፍ የመታረቂያ ደብዳቤም ነበር።

ለዚህ መጽሐፍ ቶሎ መልስ የሰጠው አንድ ሌላ ውጭ አገር የተማረ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ያስደስተኛል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1912 አስመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ታሪክ ጸሐፊ የሆነውን የሚያይ ልቡና፣ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮና ያየውን አጥርቶ የሚናገርበት ቋንቋ ያስፈልገዋል ብለው የአፈወርቅን መጽሐፍ በዚህ ሚዛን ላይ አወጡት፤ ቀለለ። ልብ በሉ፤ ገብረ ሕይወት ሰውየውን አልሰደቡም። መጽሐፉን አንብበው በመጽሐፉ ፈረዱ። በአገራችን የሂስ ታሪክ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘንም።

ነጋድራስ ኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በድሬዳዋ ጉምሩክ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ በዳኝነት ሠሩ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ተሾሙ። የሙሶሊኒ ጦር በጥቅምት 1935 መረብን ሲሻገር በሮም የኢትዮጵያ አፍ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ግን ከወራሪው ጋር ሠሩ፤ የዳኝነት ሹመት ተቀበሉ። በአገራችን ወግ የዳኞች የበላይ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ የእሳቸው ማዕርግ «አፈ ቄሳር» ተባለ። አፈ ወርቅ ተብሎ የተጠመቀ ሰው አፈ ቄሳር ሆነ። ከነጻነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው በ1947 እዚያው አረፉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው። ደጃዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት መጽሐፍ አልጻፉም። በኦጋዴን የጦር አዛዥ ነበሩ፤ ጎራሐይ የተባለውን ምሽግ ይዘው ከደቡብ ይመጣ የነበረውን የግራዚያኒን ጦር የሚጠባበቁ ሰው ናቸው። በኅዳር 1935 መጀመሪያ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ምሽጉን በቦምብ ደበደቡት። አፈወርቅ ቆሰሉ። ወደ ሕክምና እንዲሄዱ ቢለመኑ፣ እኔ ከሄድኩ ሰዉ ይፈታል በማለት እምቢ አሉ። እዚያው ሞቱ። መሪውን ያጣው ጦር ምሽጉን ለቆ ወጣ፤ ጎራሐይም ተያዘ። እሳቸው የገመቱት አልቀረም።

ስለ እኚህ ሰው የምናውቀውን አብዛኛውን የጻፈው ባዕድ ነው። ጆርጅ ስቲር የተባለው የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጠኛ ከጦርነቱ በፊት ኦጋዴን ወርዶ አግኝቷቸዋል፤ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ አድናቆቱን አልደበቀም። የመጽሐፉ አርእስት «ቄሳር በአቢሲንያ» ነው። አንዱ አፈወርቅ ለቄሳር አፍ ሲሆን ሌላው አፈወርቅ ስለ ቄሳር በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ የቄሳር ጠላት ሆኖ ይገኛል። የምንቆጭበት ነገር ግን ሌላ ነው። የአንደኛውን አፈወርቅ ዝርዝር ታሪክ አሊን ሩዎ የተባለ ፈረንሳዊ በ1991 ራሱን የቻለ መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል፤ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም ስለ ዘመኑ ምሁራን በጻፉት ሥራ ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል። የሁለተኛውን ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከአያት በሰማው ጥቂት ቃል ነው። የጻፈ ሰው ይጻፍለታል፤ የሞተ ሰው ይወሳለታል፤ ማውሳት ደግሞ ከትውልድ ትውልድ ይቀጥናል። ያ ወጣት አባት «ባንዳው የትኛው ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደረገው ይህ ነው።

ሦስተኛው የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። በ1932 አንኮበር ተወለዱ። ጣልያን ሲገባ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። በ1947፣ ማለትም ያኛው አፈወርቅ ጅማ ላይ በሞቱበት ዓመት፣ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ምሕንድስናውን ትተው ሥዕል ተማሩ፤ ከለንደኑ ስሌድ ትምህርት ቤትም ገቡ። ተመልሰው በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ሠሩ፤ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን የሚያሳይ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 ሲመሠረት መሪዎቹ የተሰበሰቡት በዚሁ አዳራሽ ነበር። በ2012 አረፉ።

ከመጀመሪያው አፈወርቅ ጋር ስታነጻጽሯቸው መንገዳቸው ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ሠዓሊ፣ ሁለቱም በመንግሥት ገንዘብ አውሮፓ የተላኩ፣ ሁለቱም ከቤተ መንግሥት ጥላ ሥር የሠሩ ናቸው። በሜትር አርቲስቱ ላይም ሂስ አለኝ። ሥራቸው ግዙፍና ብሩህ ነው፤ ሁሉም ነገር የሚከበርበት፣ ምንም ነገር የማይወቀስበት ነው። በንጉሡም፣ በደርግም፣ በኢሕአዴግም ዘመን ኖረው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ሦስቱም መንግሥታት በሥራቸው የተኩራሩት ሥራው ማንንም ስለማያስቀይም ጭምር ይመስለኛል። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ፊት የቆመ ሰው አፍሪካዊ ሆኖ መቆሙን አያፍርበትም። ያኛው የመንገደኛ መምሪያ ግን ፈረንጁን ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጦ ወደ እኛ ቁልቁል እንዲያይ ያደርገዋል።

ሥራ ደግሞ ከሠሪው በኋላ የራሱ ዕጣ አለው። ሜትር አርቲስቱ ለሐረር የሠሩት የራስ መኮንን ሐውልት በ2020 ሰኔ ወር መጨረሻ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ በተነሳው ሁከት ፈርሷል። ያፈረሱት ሰዎች የተቆጡት በራስ መኮንን እንጂ በቀራጺው አይደለም፤ የጠፋው ግን የሁለቱም ስም ነው። ይህን የማነሳው የዘመኑን ፖለቲካ ለመጨመር አይደለም። አንድን ሥራ ለመፍረድ በመጀመሪያ ሥራው ቆሞ መገኘት አለበት የሚለውን ለማስታወስ ነው። መጽሐፍም እንደዚያው ነው።

ስለ ጦቢያ ደራሲ በእኛ መካከል ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «ባንዳ ስለሆነ መጽሐፉ አይወራ» ይላል። ሁለተኛው «ሥነ ጽሑፍ ሌላ፣ ፖለቲካ ሌላ፤ ሰውየውን ተዉት፣ ድርሰቱን አንብቡ» ይላል። በበኩሌ ሁለቱም አያረኩኝም። የመጀመሪያው ወገን የአማርኛን ልብ ወለድ አባት አልባ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ አባቱን የካደ ልጅ ደግሞ ከየት እንደመጣ ስለማያውቅ ያንኑ ጥፋት መድገሙ አይቀርም። ሁለተኛው ወገን በጎራሐይ የሞተውን ሰው ይረሳል። አንዱ አፈወርቅ በኦጋዴን ፀሐይ ቁስሉን ይዞ ሲያጣጥር፣ ብዙም ሳይቆይ ሌላው አፈወርቅ ለገዳዩ አፍ እንደሆነ እያወቅሁ «ሥነ ጽሑፍ ሌላ» ለማለት ልቤ አይፈቅድልኝም።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። መጽሐፉ ይነበብ፤ በትምህርት ቤትም ይሰጥ። ሲነበብ ግን ሙሉውን ሰው ይዞ ይነበብ። መምህሩ ዋሕድ ውለታ ሊመልስ ወጥቶ ባርያ የሆነበት ገጽ ላይ ሲደርስ ቆም ይበልና ደራሲው ማን እንደነበሩ፣ መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ይንገራቸው። መጽሐፉ ከዚህ በኋላ ያንሳል ብዬ አላምንም። እንዲያውም ከተረት ወደ ማስጠንቀቂያ ያድጋል።

አንዳንድ አንባቢ «አንተስ ለምን 'አንቱ' ትላቸዋለህ?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሦስቱንም አንቱ ያልኩት አውቄ ነው። አንተ ብዬ የጠራሁትን ሰው የከሰስኩት ይመስለኝና ማንበቤን አቆማለሁ። ፍርዱ በተውላጠ ስም ውስጥ ተሸጉጦ ከሚያልፍ በግልጽ ቢነገር ይሻላል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ታላቅ ጸሐፊ ነበሩ፤ አገራቸውንም ከድተዋል። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል ብዬ ጀምሬ ነበር። የአብዛኞቻችን አደጋ እንደ ደጃዝማቹ በቦምብ መቁሰል አይደለም። አደጋችን ውለታ ነው። ያስጠጋን አገር አለ፤ ያስተማረን፣ ቀጥሮ ያሠራን፣ ወረቀት የሰጠን። ማመስገን ይገባል። ግን ምስጋናው አፋችንን እስከ መስጠት ሲደርስ ምን እንደሚመስል ታሪካችን ውስጥ ምሳሌ አለን። ስለ አገራችን ችግር እንጻፍ፤ ግፍን መደበቅ ወዳጅነት አይደለም። ሆኖም ለባዕድ በባዕድ ቋንቋ የምንጽፈውንና ለወገን በአማርኛ የምንጽፈውን ጎን ለጎን አድርገን እናንብበው። አንድ ቃል ከሆነ ደግ። ለአንዱ ወቀሳ፣ ለሌላው ውዳሴ ሆኖ ከተገኘ ግን የ1908ን እና የ1909ን መጽሐፎች እየደገምን ነው።

ለዚያ ወጣት አባት በሳምንቱ ስልክ ደወልኩለት። ስሙን እንዳይቀይር ነገርኩት። «ሦስቱንም ሲያድግ ንገረው፤ አራተኛውን፣ ስሙን ያመጣውን ሰባኪም ጨምርበት» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ የትኛውን እንዲመስል ልመኝለት?» ሲል ጠየቀኝ። የአያቱ ምኞት የትኛው እንደነበር ጠይቆ እንደሆነ መልሼ ጠየቅኩት። ጠይቋል። አያትየው የጎራሐዩን አፈወርቅ ታሪክ ከአባታቸው ሰምተው ኖሯል ስሙን ያወጡት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እውነት ነው፤ ይውላል። የማን መቃብር እንደሆነ ለይቶ መናገር ግን የእኛ የሕያዋን ሥራ ነው።

ቸር ይግጠመን።